ባለ ሦስት እግሯ ዶሮ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ሳይጠበቅ ገባ፤ ከገባም በኋላ አልወጣ አለ። ግድግዳው ሁሉ ረጠበ። የዘይት ቀለም አልደርቅ ብሎ እጅ ላይ ቀረ። ከገበያው መንገድ ማዶ የባነር ማተሚያ ቤት ተከፈተ፤ ማሽኑ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ የሱቅ ስም አትሞ ይተፋል፤ ሰዉም እዚያ ተሰለፈ። ጻፊው ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ፣ የክሊኒክና የጋራዥ ስም በብሩሽ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ክረምት ግን የጻፈው የአንድ ሬሳ ሳጥን ሠሪ ማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ባለቤቱ "ማሽን ለሟች ክብር አያውቅም" ብሎ ነው። ሚስቱ የሰው ልብስ እየጠገነች ቤቱን ያዘችው። አንዱ ጎረቤት ሞተ፤ ሌላው በሩን ቆልፎ የሄደበት አልታወቀም። የጻፊው ታላቅ ወንድም ዓይን መጨለም የጀመረውም ያኔ ነው።

"ከጎንና ከጎን ነው የሚጨልመው" አለ ታላቁ፣ የሌላ ሰው በሽታ እንደሚያወራ። "ሐኪሙ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደ ማየት ይሆንብሃል አለኝ። ኋላ ደግሞ ቀዳዳውም ይዘጋል።"

"መድኃኒትስ?"

"ጠብታ ሰጠኝ። ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ዓይኑ አላነሳም። ታላቁ እንዲህ ነው። ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ባልዲ፣ አሸንዳና የጭስ መውጫ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ስለሚውል የቀረውን ሰዓት ዝም ይላል። ሚስት አላገባም። ለምን እንዳላገባ የጠየቀው ሰው ቢኖር መልሱ "ቤቴ ይጮሃል" ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ፣ ታላቁ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ጻፊው ሱቅ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ጠረገ።

"ምንድን ነው ጋሼ? በዚህ ዕድሜህ ልጅ አገኘህ እንዴ?" አለ ጻፊው።

"አገኘሁ። ክንፍ አላት።"

ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ገለጠው። አውሮፕላን ነበረች። ርዝመቷ ክንድ ያህላል። ከዘይት ቆርቆሮ ተቆርጣ፣ ተቀጥቅጣ፣ መጋጠሚያዋ ሁሉ በጋለ ካውያና በቀለጠ ሊድ የተያያዘ፤ ግን መጋጠሚያው የት እንደሆነ ፈልጎ የሚያገኝ የለም። ሁለት ሞተር አላት። ታላቁ ጎንበስ ብሎ እፍ ሲላቸው ፕሮፔለሮቹ ዞሩ። በጣቱ ሆዷን ነካ ሲያደርግ ከሥሯ ሁለት መዝጊያ ተከፈተ፤ ቦምብ የሚወርድበት በር።

ጻፊው ብሩሹን አስቀመጠ። ከጦርነቱ ወዲህ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ፣ ወንድሙ "አውሮፕላን" የምትል ቃል ከአፉ ስትወጣ ሰምቶ አያውቅም።

"እሷ ናት?"

"እሷ ናት።"

"መቼ ሠራሃት?"

"ዓይኔ እያለ" አለ ታላቁ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አሁን የቀራት አፍንጫዋ ነው። ጦር አውሮፕላን አፍንጫው ላይ ይሣልበታል። ደንቡ አይፈቅድም፤ ልጆቹ ግን ይሥላሉ፤ አለቃም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አንዱ ነብር ያደርጋል፣ አንዱ ቆንጆ ሴት፣ አንዱ የእናቱን ስም። የኛዋ ዶሮ ነበረች። ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ።"

"ዶሮ?"

"ነብር ዕንቁላል አይጥልማ።"

ሳቁን የሚያውቅ ካልሆነ በቀር ታላቁ መሳቁን ማንም አያይም። ከኪሱ የካርቶን ቁራጭ አወጣ። በከሰል የተሞነጫጨረች ዶሮ ነበረችበት። ዓይኗ ትልቅ፣ አንገቷ ጠማማ፣ ከሥሯ ዕንቁላል የተደረደረ።

"እንደዚህ ነበረች። እንደነበረች አድርገህ ሣላት። ሳይጨልምብኝ ልያት።"

"ጋሼ፣ ይሄ ትንሽ ነገር ነው እኮ። አንተ ብለኸኝ..."

"ትንሽ ናት፤ አዎ። ጥፍር ታክላለች። ብሩሽ አለህ ለሷ?"

"አበጃለሁ።"

ታላቁ ተነሳ። ሲወጣ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ፤ መቃኑን አላየውም። ጻፊው አየ፤ ሁለቱም እንዳልሆነ ሆኑ።

በነዚህ ሁለት ወንድማማቾች መካከል ሳይነገር የኖረ ዕዳ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይዘምት ተባለ። ዕጣው ለታናሹ ወጣ። ያኔ ቀጭን ልጅ ነው፤ በከሰል ግድግዳ ላይ ሲሥል የሚውል። አባታቸው ሁለቱን ፊቱ አቁሞ ተራ በተራ አያቸው። "ይሄኛው ሸክም አይችልም" አለ። ታላቁ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የጥሪውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ታናሹም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቆሞ አየው። ወረቀቱ ላይ የነበረው ስም የታናሹ ስም ነው። ታላቁ በዚያ ስም ሄደ፣ በዚያ ስም ቦምብ ጫነ፣ በዚያ ስም ተመለሰ።

የመሰናበቻው ወረቀትም በዚያው ስም ነበር። ሁለቱ ማንም ወደማያውቃቸው ወደዚህ ከተማ ሲመጡ፣ በገበያው ረድፍ ላይ ለተመላሽ ወታደሮች ክፍል ይሰጥ ነበርና፣ ክፍሏ ለታናሹ ተሰጠች። "ውሰዳት" አለው ታላቁ። "አንተ ልታገባ ነው። ቆርቆሮ ደጅ ይቀጠቀጣል።" ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ጻፊውን "ዘማቹ" ብሎ ይጠራዋል። የሚያልፍ ሁሉ በበሩ አንገቱን አስግጎ "ዘማቹ! አለህ?" ይላል፤ እሱም "አለሁ!" ይላል። "አለሁ" ባለ ቁጥር ያልታኘከ ጉርሻ የሚውጥ ይመስለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲውጥ ኖረ፤ ጉርሻው ግን አላለቀም።

ስለዚህ ዶሮዋ ትንሽ ነገር አልነበረችም። ጻፊው "በዚህች እከፍለዋለሁ" አለ በልቡ።

ወደ ሥራው የገባው በጠዋት፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ነው። አንድ አሮጌ ብሩሽ ወስዶ ጸጉሩን እየነቀለ፣ ጫፉ እንደ ሽፋል እስኪቀጥን ቀነሰው። ቀለሙን በቲነር አላላ። የግራ እጁን በእጅ ማስደገፊያው ዘንግ ላይ፣ የቀኙን በግራው ላይ አሳረፈ። አጉሊ መነጽሩን በላስቲክ ግንባሩ ላይ አሰረ። ትንፋሹን ይዞ አንድ መስመር ያሰምራል፤ ትንፋሹን ይለቅና ይጠብቃል፤ እንደገና ይይዛል።

ያደገበት ሙያ አንድ ሕግ አለው። ያስተማረው ጌታው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመጀመሪያው ቀን የነገረው ይሄን ነው፦ "ደንበኛ ተሳስቶ ጽፎ ቢያመጣልህ አትንገረው። አርመህ ስጠው። እሱ አያፍርም፤ አንተም አትጣላም።" ጻፊው በዚህ ሕግ ስንቱን የተሳሳተ የሱቅ ስም ዝም ብሎ አቃንቷል፤ ባለቤቶቹም ትክክል ጽፈው እንዳመጡ እያመኑ ኖረዋል።

በካርቶኑ ላይ ያለችው ዶሮ ሦስት እግር ነበራት። ሁለቱ ከሆዷ በታች፤ ሦስተኛው ወደ ጭራዋ ጠጋ ብሎ፣ ደብዘዝ ያለ። "ዓይኑ ነው" አለ ጻፊው ለራሱ። "የሣለውን መልሶ ማየት አቅቶት በላዩ ደገመ።" ለማንም አልተናገረም። እንደ ሙያው ደንብ ሦስተኛዋን እግር ትቶ፣ አንገቷን አቃንቶ፣ ላባዋን አንድ በአንድ አውጥቶ ሣላት። ዓይኗ ውስጥ የብርሃን ነጥብ አስቀመጠ። ከሥሯ ዕንቁላሎቹ ክብ ክብ ብለው፣ ጥላ ጥለው ተኙ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አያት። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የተሻለው እሷ ነበረች። ቫርኒሽ ቀባባትና በአምፖል ሥር አደረቃት።

ሚስቱ መርፌዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጥታ ጎንበስ ብላ ተመለከተች።

"መንጫጫት ብቻ ነው የቀራት" አለች።

ታላቁ መጣ። አውሮፕላኗን ወደ መስኮቱ ይዟት ሄደ። የቀረችውን የቁልፍ ቀዳዳ ታህል ብርሃን ዶሮዋ ላይ ለማሳረፍ ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች አደረገ። አገኛት። ብዙ አያት።

"ደህና ዶሮ ናት" አለ።

ጻፊው ጠበቀ።

"የኛዋ ግን አይደለችም።"

"እንዴት ጋሼ?"

"እግሯን የት አደረስከው?"

"የቱን እግር?"

"ሦስተኛውን። ሥዬ ሰጥቼህ የለም?"

ጻፊው ፊቱ ጋለ። "እኔ እኮ... ዓይንህ መስሎኝ ነው። የተሳሳትክ መስሎኝ አረምኩት።"

ታላቁ አውሮፕላኗን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

"ሽቦ የሚባል መካኒክ ነበረን" አለ። "ቀጭን ስለሆነ ነው ሽቦ ያልነው። ዶሮዋን የሣላት እሱ ነው። ሥዕል የት ያውቃል! የነዳጅ በርሜል ላይ ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ በንፋስ ውስጥ፣ ከሞተር ቀለም በተረፈ ጠብታ ሣላት። አንዱን እግር ከጭራዋ ሥር ተከለው። ሳቅንበት። በላዩ ቀብቶ አጠፋውና ሌላ እግር በትክክለኛው ቦታ ሠራ። ፀሐይ ሲመታት ግን ያጠፋው እግር በላዩ ከተቀባው ቀለም ውስጥ ወጣ። 'ይቺስ ባለ ሦስት እግር ናት፤ አትወድቅም' አልን። በዚያው ቀን በረረች፤ ክንፏ ወንፊት ሆኖ ተመለሰች። ግን ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ እግሯን የሚነካ አልነበረም።"

"ሽቦስ?"

"የነዳጅ መኪና እሳት ያዘ። እሱ ከሥሩ ነበር።" ታላቁ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። "የሚቀበር ነገር አላገኘንም። ከሱ የተረፈችው ያቺ የተሳሳታት እግር ናት። አንተ ቆረጥካት።"

ውጭ ዝናቡ እንደገና ጀመረ።

"እኔ ቦምቡን እጭን ነበር እንጂ የሚወድቅበትን አላየሁም" አለ ታላቁ ቆይቶ። "አላየሁም፤ ግን ሌሊት ሌሊት አየዋለሁ። ይሄ ዓይን ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋ እንደሆን እንጃ። ጀግንነት ለመቁጠር አይደለም የሠራኋት። ሰዎቹን ነው የምፈልገው። ሁሉም ሞተዋል። አሁን የሚያስታውሳቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ልጨልም ነው።"

ጻፊው ጨርቁን በቲነር ነክሮ፣ ወንድሙ እያየ፣ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የተሻለውን ሥራ ጠረገው። ላባው ቀልጦ ጨርቁ ላይ ቀረ።

ሻምበሉ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ጡረታ የወጣ መኮንን ነው፤ የዘማቾች ማኅበር ሰብሳቢ። ጢሙ ነጭ፣ ጃንጥላው የተሰበረ፣ ድምፁ ገና ጦር ሜዳ ላይ ያለ። ዝናብ ሸሽቶ ነው የገባው።

"ዘማቹ! አለህ?"

"አለሁ ሻምበል። ይግቡ።"

ሻምበሉ ጃንጥላውን እያራገፈ ዞር ሲል አውሮፕላኗን አየ። ዝናቡንም ጃንጥላውንም ረሳ።

"ይቺን ከየት አመጣሃት?"

"ወንድሜ ነው የሠራት።"

"ወንድምህ ሠርቷት፣ አንተ ዘምተህባት፣ አንተው ልትቀባት! እንዲህ ያለ ቤተሰብ የት ይገኛል?" ሻምበሉ ሆዷን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደ ልጅ ሳቀ። "ስማኝ። በአዳራሻችን በር ፊት ለፊት የመስታወት ቁም ሣጥን አለ፤ ባዶውን ነው የቆመው። ተማሪዎች በዚያ ያልፋሉ። ቅዳሜ ስብሰባ አለን። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ልውሰዳት? አንተም ትመጣና ለአባላቱ ታሳያለህ። ስንት ጊዜ ጠርቼህ ቀረህ! እንዲህ ያለ ትሑት ዘማች አይቼ አላውቅም።"

ጻፊው ወንድሙን አየ። ታላቁ ወደ ድምፁ ዞሮ ነበር።

"ይውሰዷት" አለ ታላቁ። "እኔ ቤት ማን ያያታል? እኔም አላያት። ብቻ ስሞቹ ይጻፉባት። ከዶሮዋ ሥር ስሞች ነበሩ። አብራሪው፣ አቅጣጫ መሪው፣ መካኒኩ፣ ቦምብ ጫኙም እሱ። ምድር ላይ የሚሠራም ሰው ስሙ እንዲጻፍ አብራሪው ነበር ያዘዘው። ደግ ሰው ነበር።"

"እርስዎ ደግሞ ይሄን ሁሉ በምን አወቁ?" አለ ሻምበሉ።

"እሱ ነግሮኝ" አለ ታላቁ። ፊቱ ላይ አንዲት ጅማት አልተንቀሳቀሰችም።

ሻምበሉ ወደ ጻፊው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቦምብ ጫኝ ነበርክ ለካ። ከሁሉ የከበደህ ምን ነበር?"

ጻፊው አፉን ከፈተ። የሚለው ነገር ፈለገ። አጣ።

ሻምበሉ ትከሻውን ያዘው። "ተወው፤ አትናገር። እውነተኛ ዘማች አያወራም። እኔ አውቃለሁ።"

ዝናቡ ሲያባራ ሄደ። ታላቁም ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ተነሳ።

"ጋሼ" አለ ጻፊው።

"እ?"

"ስሞቹን ንገረኝ።"

ታላቁ ቆሞ ነገረው። አብራሪውን፣ አቅጣጫ መሪውን፣ ሽቦን በእውነተኛ ስሙ። እያንዳንዱን ስም ከጠራ በኋላ ለባለቤቱ ጊዜ የሚሰጥ ይመስል ትንሽ ቆየ። "ከዚያ ያንተ" አለ በመጨረሻ። "እንደነበረው።" ወጣ።

በዚያ ቀን ጻፊው ምሳውን አልጨረሰም። ሚስቱ በመርፌዋ ላይ እንዳጎነበሰች በጎን አየችው።

"ምን ሆነሃል? ዶሮዋ ቆረጠመችህ?"

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ተቀመጪ።"

"ተቀምጫለሁ። ከተቀመጥኩ ክረምቱ ሊወጣ ነው።"

"እኔ አልዘመትኩም።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "እሱን ነው? ከተጋባን በመጀመሪያው ክረምት አውቄዋለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ነጎድጓድ። እዚህ ተቀምጠን ሳለ ሰማዩ ሲጮህ አንተ 'ቀለሜ ሊረጥብ ነው' አልክ። ጋሼ ግን ግድግዳው ሥር ነበሩ፤ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው። የቱ እንደዘመተ ለማወቅ ወረቀት ያስፈልገኛል?"

"ይሄን እያወቅሽ ዝም አልሽ!"

"ያንተ ነው ብዬ። አንተ እስክታወጣው።"

ጻፊው የምሳውን ሳህን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ "የሱን ስም ብጽፍ፣ ሻምበሉ ይጠይቃል። ነገሩ ይወጣል። ክፍሏ የተሰጠችኝ በዘማችነት ነው። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይላሉ" አለ።

"ካራው እኮ ከኛ በፊት ነው እዚያ የተቀበረው።" ልብሱን ገልብጣ ስፌቱን መረመረች። "ክፍሏን ከወሰዷት ይውሰዷት። ማዶ ያለው ማሽን በልቷታል፤ ለነሱ የቀረው አጥንቱ ነው። እኔ መርፌ አለኝ፤ መርፌ በየትም ቤት ይሠራል። ግን ወንድምህ 'እንደነበረው' ብለው የለም? ያችን ዶሮ አርመህ ያሳዘንካቸው ይበቃል። ደግሞ ስሙንም ብታርም ምን ይሉ ይሆን?"

"እሱን ነው የማላውቀው።"

በማግሥቱ ዶሮዋን እንደገና ጀመረ። ያ ከመጀመሪያው የከበደ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ የተገራ እጅ አልጠምም አለው፤ መስመሩ በራሱ ይቃናል፣ አንገቷ በራሱ ይስተካከላል። ሠርቶ አጠፋ፤ ደግሞ ሠርቶ አጠፋ። ቆይቶ በርሜሉ ትዝ አለው። አጉሊ መነጽሩን ከግንባሩ፣ ዘንጉን ከእጁ ጣለ። አውሮፕላኗን ከራሱ በላይ ባለው መደርደሪያ ጫፍ ላይ አሰረና፣ በባዶ የቀለም ባልዲ ላይ ወጥቶ፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ መሣል ጀመረ። ትከሻው ሲዝል እጁ ተንቀጠቀጠ። ቀለሙ በክንዱ ወረደ። ዓይኗ ከሚገባው በላይ ተለቀ፤ አንገቷ ጠመመ። አንድ እግር ከጭራዋ ሥር ተከለ፤ በቀጭን ቀለም ሸፈነው፤ ሁለቱን በቦታቸው አደረገ። ሲደርቅ የተሸፈነው እግር ደብዝዞ ወጣ። ከባልዲው ወርዶ ሲያያት፣ የማያውቀው ሰው፣ በርሜል ላይ የቆመ ቀጭን ልጅ፣ ከፊቱ ያለፈ መሰለው።

ስሞቹን ግን ጠረጴዛው ላይ፣ በዘንጉና በመነጽሩ ጻፈ። ፊደሎቹ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ቀለሙን አላቀጠነውም፤ አንዱ ሲደርቅ በላዩ ሌላ እየደረበ፣ ጣት እንዲያገኘው ከፍ አደረገው። አብራሪው። አቅጣጫ መሪው። መካኒኩ። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ብሩሹ አየር ላይ ቆመ። የራሱ ስም አጭር ነው፤ ሦስት ፊደል። ቦታውም ለሦስት ፊደል የሚበቃ ነበር። የወንድሙ ስም ረዥም ነው።

ዓርብ በዚያው ባዶ መስመር መሸ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ አልነበረም። ጻፊው ፊቱን ታጥቦ ተቀመጠ፤ ትንፋሹን ያዘ፤ ጻፈ። ፊደሎቹን ጠበብ ጠበብ አድርጎ አስጠጋቸው፤ የመጨረሻው ፊደል ወደ ክንፉ ሥር ትንሽ አለፈ። አምፖሉን አስጠግቶ አደረቀው። ቫርኒሽ አልቀባውም።

ታላቁ አዲስ ባይሆንም የታጠበ ኮት ለብሶ መጣ። በሩን ዛሬ በእጁ ዳሰሰው። አውሮፕላኗን ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ቆመ። የቀረችው ብርሃን ዶሮዋን ፈለገች። ጊዜ ወሰደ። ስታገኛት ትከሻው ወረደ።

"ሽቦ" አለ በቀስታ። "አንተ ጠማማ።"

ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ከዚያ በጣቱ ወደ ታች ወረደ። ቆርቆሮ ላይ ሲሠራ የኖረ ጣት ነው፤ ሻካራ ቢሆንም ከዓይን በላይ ያነባል። አንደኛውን መስመር አነበበ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ጣቱ ጀመረ፣ ቆመ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። እስከ መጨረሻው ፊደል፣ እስከ ክንፉ ሥር።

"ተሳስተሃል" አለ።

"አልተሳሳትኩም።"

"እንደነበረው አላልኩህም?"

"ብለኸኛል። የዶሮዋ እግር ሦስት ነበር፤ ሦስት አደረግኩት። አንገቷ ጠማማ ነበር፤ ጠማማ አደረግኩት። ከሥሯ የቆመው ግን አንተ ነበርክ። እኔ አልነበርኩም። እንደነበረው ይሄ ነው።"

"ሻምበሉ ያነበዋል።"

"ያንብበው።"

"ክፍልህስ?"

"ጋሼ፣ ተወኝ። አንድ ቀን እንኳ ሸክም ልቻል።"

ሚስትየው ከጓዳ በር ላይ መርፌዋን ይዛ ቆማለች፤ አልወጣችም፣ አልተመለሰችም።

"ማረም አልተውክም አሁንም" አለ ታላቁ በመጨረሻ። ድምፁ ግን የቁጣ አልነበረም። ጣቱ ከአራተኛው መስመር ላይ አልተነሳም። እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረ፤ ያን ስም በዚያ ቦታ አግኝቶት እንደማያውቅ ሰው፣ ቀስ እያለ።

ከውጭ ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ መሬት ሲመታ ተሰማ። የሻምበሉ ድምፅ ከሰውየው ቀድሞ ደረሰ።

"ዘማቹ! አለህ?"

ጻፊው "አለሁ" ለማለት አፉ ከልማድ ተከፈተ። ዘጋው። ተነሳና የራሱን ወንበር፣ ከጠረጴዛው ኋላ ያለውን፣ ለወንድሙ ሳበለት፤ ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። ከዚያ ሄዶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

"አሉ" አለ። "ውስጥ ናቸው። ይግቡ።"